የሳህል ድርቅ፦ ጥፋተኛው እረኛ አልነበረም

በ1968 ሳህል ላይ ዝናቡ ከወትሮው አነሰ። ይህ በራሱ አዲስ ነገር አልነበረም። በሰሃራ በረሃ ደቡባዊ ጠርዝ የሚኖር ሰው ዝናብ አንድ ዓመት እንደሚሰጥ፣ አንድ ዓመት እንደሚነሳ ያውቃል። አዲሱ ነገር በቀጣዮቹ ዓመታትም አለመመለሱ ነው። በ1972 እና በ1973 ጉድጓዶች ደረቁ፣ ከብት አለቀ፣ ሰው ከቀዬው ተነቀለ። ከዚያ ትንሽ ጋብ ያለ መሰለ። በ1983 እና በ1984 ደግሞ ከመጀመሪያው የባሰ መጣ። (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዝናቡ ከቀድሞው በታች እንደሆነ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ቆየ። ሩብ ምዕተ ዓመት ገደማ ማለት ነው።

ሳህል ከሴኔጋል ጠረፍ ተነስቶ በሞሪታኒያ፣ በማሊ፣ በቡርኪና ፋሶ፣ በኒጀርና በቻድ አቋርጦ እስከ ሱዳን የሚዘረጋ ቀበቶ ነው። ከላዩ ሰሃራ አለ፤ ከታቹ ለምለም የሳር ምድር። በዓመት ከ200 እስከ 600 ሚሊ ሜትር ዝናብ ያገኛል። እሱም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ወራት ነው። ያ ካለፈ ሌላ የዝናብ ወቅት የለም። የሚቀጥለውን ዓመት መጠበቅ ነው።

በመጀመሪያው ዙር ብቻ የሞተው ሰው እስከ 100,000 ይገመታል። የሞተው ከብት ቁጥር ስፍር የለውም። የቻድ ሐይቅ በ1963 ወደ 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋ ነበር፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ የቀረው ከዚያ አንድ አሥረኛ ገደማ ነበር። የመስኖ ውሃ መጥለፉም ድርሻ አለው፤ ዋናው ግን የዝናቡ መጥፋት ነው። የሞሪታኒያዋ ኑዋክሾት ለጥቂት ሺህ ነዋሪዎች ታስባ የተቆረቆረች ከተማ ነበረች። ድርቁ ከብታቸውን የጨረሰባቸው ዘላኖች ዙሪያዋን ድንኳን ተክለው ሰፈሩ፤ ብዙዎቹ ወደ ዘላንነት አልተመለሱም።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት በምክንያት ነው። «የአየር ንብረት ለውጥ የተፈጥሮ ዑደት ነው ወይስ የሰው ሥራ?» የሚለው ጥያቄ በየቦታው ይነሳል። የሳህል ድርቅ ግን ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ በወሬ ሳይሆን በልኬት፣ በሳተላይትና በኮምፒውተር ሞዴል ለዓመታት የመረመሩት ጉዳይ ነው። መልሱም ከአንድ ጊዜ በላይ ተገለባብጧል። በመጀመሪያው መልስ የተጎዱትም ድርቁ ራሱ የጎዳቸው ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ፍርድ

ድርቁ የዓለም ዜና ሲሆን ብዙ ባለሙያዎች ጣታቸውን የቀሰሩት አርብቶ አደሩ ላይ ነው። ከብቱ በዛ፣ ሳሩን ጨረሰው፣ ዛፉን ለማገዶ ቆረጠው፣ በረሃው ገሰገሰ፤ ይህ ነበር ታሪኩ። ማስረጃ የሚመስል ፎቶም ተገኘ። በ1973 ከጠፈር በተነሳ ምስል ላይ ኒጀር ውስጥ በቡናማው መሬት መሃል አንድ አረንጓዴ ቅርጽ ታየ። ሲጣራ ኤክራፋን የተባለ የታጠረ የከብት እርባታ ቦታ ሆኖ ተገኘ። አጥሩ ውስጥ ሳር አለ፤ ውጪው ባዶ ነው። ያንን ምስል ያየ ሰው «ችግሩ ግጦሽ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

ሳይንሱን የሰጠው ጁል ቻርኒ ነው። ቻርኒ ተራ ሰው አልነበረም። በ1950 በኮምፒውተር የተሠራውን የመጀመሪያውን የአየር ጠባይ ትንበያ የመራው ቡድን መሪ ነበር። በ1979 ደግሞ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር ምድርን ምን ያህል እንደሚያሞቅ የገመተውን ታዋቂ ሪፖርት የመራው እሱ ነው። በ1975 ያቀረበው ሐሳብ እንዲህ ይላል። ሳር ያለበት መሬት ጠቆር ይላል፤ የፀሐይ ብርሃን ይውጣል። ሳሩ ተግጦ ሲያልቅ ነጣ ያለው አሸዋ ይገለጣል፤ ብርሃኑን መልሶ ወደ ላይ ይልካል። መሬቱ ያገኘው ኃይል ሲቀንስ በላዩ ያለው አየር ወደ ላይ መውጣቱን ትቶ ወደ ታች ይሰምጣል። የሚሰምጥ አየር ደመና አይሠራም። ዝናብ ቀረ ማለት ሳር ቀረ ነው፤ ሳር ከቀረ መሬቱ ይብስ ይነጣል። ክቡ ተዘጋ።

በሞዴሉ ውስጥ የመሬቱን ነጸብራቅ ከ14 በመቶ ወደ 35 በመቶ ሲያሳድገው የሳህል ዝናብ 40 በመቶ ያህል ወደቀ። ሐሳቡ ድንቅ ነው። እስካሁንም ከፊሉ ትክክል ነው፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ችግሩ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ሰውና ከብት ተባብረው የአንድን ሰፊ አካባቢ ነጸብራቅ ከእጥፍ በላይ አያሳድጉም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የሳተላይት ልኬቶች ሲታዩ እንዲያውም ከ1973 ወዲህ የሳህል ነጸብራቅ ቀንሶ ተገኘ። ሳሩ በከፊል ተመልሷል። ዝናቡ ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሰም።

በዚያው በ1975 ሱዳን ውስጥ ሌላ ጥናት ተደረገ። ሂዩ ላምፕሬይ የተባለ ተመራማሪ በአውሮፕላንና በመኪና እየዞረ የበረሃውን ጠርዝ ካየ በኋላ ከ1958ቱ የዕፅዋት ካርታ ጋር አነጻጸረው። በ17 ዓመት በረሃው ከ90 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ገፍቷል አለ። ይህ በዓመት 5.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቁጥሩ ተራባ። በየስብሰባው፣ በየእርዳታ ሰነዱ ተጠቀሰ። በ1977 ናይሮቢ ላይ የተባበሩት መንግሥታት የበረሃማነት ጉባኤ ሲካሄድ የገስጋሹ በረሃ ሥዕል በሁሉም አእምሮ ውስጥ ነበር። የላምፕሬይ ጥናት ግን አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነበረው። የድሮው ካርታ የተሠራው በጎ ዝናብ በነበረበት ዘመን ነው፤ እሱ ያየው ደግሞ ከከባድ ድርቅ ማግስት ነው። ከስዊድኑ የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ኡልፍ ሄልደን በኋላ አካባቢውን በሳተላይት ምስልና በመስክ ሲመረምር የተባለውን ግስጋሴ አላገኘም።

ይህ የባለሙያዎች ጭቅጭቅ ብቻ ቢሆን ባልተጨነቅኩ ነበር። ግን በዚህ ፍርድ ላይ ፖሊሲ ተሠራበት። ዘላን ይስፈር፣ መንጋ ይቀነስ፣ ሰው ከግጦሽ መሬቱ ይራቅ ተባለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው ነው። መደመጥ የነበረበት ሌላ፣ የተዳመጠውም ሌላ ነው። ተለዋዋጭ ዝናብ ባለበት አገር ከብት ይዞ ዝናብን ተከትሎ መሄድ ከሁሉ የተሻለው የኑሮ ዘዴ እንደሆነ አርብቶ አደሩ ያውቅ ነበር። በ1950ዎቹ ዝናቡ ሲበዛ እርሻ ወደ ሰሜን ተስፋፍቶ የግጦሹን መሬት ወስዶበታል። በተቆፈሩ የውሃ ጉድጓዶች ዙሪያ ከብት ተከማችቶ መሬት መጎዳቱም እውነት ነው። ይህ ድርቁ ለምን ያን ያህል ሰው እንደገደለ ያስረዳል። ዝናቡ ለምን እንደቀረ ግን አያስረዳም።

ሳተላይቱ የመሰከረው

በናሳ የሚሠራው ኮምፕተን ተከር ከባልደረቦቹ ጋር የ1980 እስከ 1990 የሳተላይት መረጃ ይዞ የሰሃራን ደቡባዊ ድንበር በየዓመቱ ለካ። ውጤቱ በ1991 ወጣ። ድንበሩ ወደ ደቡብ ብቻ የሚገሰግስ ሆኖ አልተገኘም። ይመጣል፣ ይሄዳል። ከ1984 ወደ 1985 ባለው አንድ ዓመት ብቻ 110 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ተመለሰ። የበረሃው ስፋት በ724,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ጠበበ። በአንድ ዓመት! የትኛውም የግጦሽ ፖሊሲ ይህን አያደርግም። ዝናብ ትንሽ ሲሻል ሳሩ በቀለ፤ ነገሩ ይኸው ነው። ዕፅዋቱ የዝናቡ ተከታይ እንጂ መሪ አልነበረም።

ታዲያ ዝናቡን ማን መራው?

የባሕሩ ጥያቄ

የሳህል ዝናብ እንዴት እንደሚመጣ እንይ። ምድር ወገቧ አካባቢ ዙሪያዋን የከበባት የዝናብ ቀበቶ አለ። ከሰሜንና ከደቡብ የሚነፍሱ ነፋሳት የሚገናኙበት፣ አየሩ ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ነው። ይህ ቀበቶ ሁልጊዜ ሞቅ ወዳለው ንፍቀ ክበብ ያዘነብላል። በሰኔና በሐምሌ ሰሜኑ ሲሞቅ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ እርጥብ አየር እየሳበ ሳህልን ያጠጣል። ከመስከረም በኋላ ይመለሳል። ሳህል ያለው ቀበቶው በሚደርስበት የመጨረሻ ጠርዝ ላይ ነው። ቀበቶው ትንሽ ቢያጥር መሃል ላይ ላሉት ምንም አይደለም፤ ጠርዝ ላይ ላለው ግን ሁሉም ነገር ነው።

በ1986 ክሪስ ፎላንድ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በብሪታንያ የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት የሠራውን ጥናት አወጣ። የሳህልን ዝናብ ከዓለም ባሕሮች ገጽ ሙቀት ጋር አያይዘው ነበር። ሰሜን አትላንቲክ ሲቀዘቅዝ፣ የደቡብ ውቅያኖሶችና የሕንድ ውቅያኖስ ሲሞቁ ሳህል ይደርቃል። ተቃራኒው ሲሆን ይዘንባል። እንዲህ ያለው ዝምድና በመዝገብ ላይ ቢታይም ምክንያትና ውጤት መሆኑን ግን ብቻውን አያረጋግጥም።

ያረጋገጠው በ2003 የወጣው የአሌሳንድራ ጂያኒኒና የባልደረቦቿ ሥራ ነው። የናሳን የከባቢ አየር ሞዴል ወስደው ከ1930 እስከ 2000 የተለካውን የባሕር ገጽ ሙቀት ብቻ ሰጡት። ስለ ከብት አልነገሩትም። ስለ ማገዶ አልነገሩትም። ሰው መሬቱን እንዴት እንደተጠቀመበት ምንም አላስገቡለትም። ሞዴሉ ግን የ1950ዎቹን ጥጋብ፣ የ1970ዎቹን መድረቅና የ1980ዎቹን ከባድ ድርቅ በየጊዜያቸው አወጣው። የተሰጠው የባሕሩ ሙቀት ብቻ ነበር።

እኔ በዚህ ሁሉ መዝገብ ውስጥ ከሁሉ በላይ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ሙከራ ነው። እረኛው በሞዴሉ ውስጥ የለም፤ ድርቁ ግን አለ። ለሃያ እና ለሠላሳ ዓመት ሲወቀስ የኖረ ሰው ከክሱ ነጻ የሚወጣበት ማስረጃ ይህ ነው። ያንን ውሳኔ በድንኳኑ ሄዶ የነገረው አለመኖሩ ይቆጨኛል።

ግን ነገሩ እዚህ አላበቃም። «ባሕሩ ነው» ማለት «ተፈጥሮ ነው» ማለት ይመስላል። ብዙዎችም እንደዚያ ተረድተውት ነበር። ትክክለኛው ጥያቄ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ባሕሩንስ ምን ለወጠው?

የአትላንቲክ ዑደትና የጭስ ማውጫው

ሰሜን አትላንቲክ የራሱ ዥዋዥዌ አለው። ለአሥርተ ዓመታት ሞቅ ይላል፤ ከዚያ ለአሥርተ ዓመታት ቀዝቀዝ ይላል። አንዱ ዙር ከ60 እስከ 80 ዓመት ይገመታል። ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ሞቃት ነበር። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ሆነ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ እንደገና ሞቀ። የሳህልን የዝናብ መዝገብ አጠገቡ ብናስቀምጠው አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። የዚህ ዥዋዥዌ አንዱ ተጠርጣሪ የውቅያኖሱ ታላቅ ዝውውር ነው። ሞቃት ውሃ ከላይ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ እዚያ ቀዝቅዞ ይሰምጥና ከታች ወደ ደቡብ ይመለሳል። ዝውውሩ ሲዳከም ወደ ሰሜን የሚደርሰው ሙቀት ይቀንሳል። ይህ ተፈጥሮ ነው። ሰው ባይኖርም ይኖር ነበር።

ከዚህ ጎን ለጎን ግን ሌላ ነገር እየሆነ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በድንጋይ ከሰልና በከባድ ዘይት ኢንዱስትሪያቸውን አፋፉ። ከጭሱ ጋር ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ጋዙ አየር ላይ ወደ ጥቃቅን የሰልፌት ብናኝ ይለወጣል። ብናኙ የፀሐይን ብርሃን ወደ ጠፈር ይመልሳል። ደመናንም ይለውጣል። የደመናውን ውሃ ብዙና ጥቃቅን ጠብታዎች ላይ ያከፋፍለዋል፤ ደመናው ይነጣል፣ ይበልጥ ያንጸባርቃል። ከታች ያለው ባሕር ይቀዘቅዛል።

እዚህ ላይ የብናኙና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልዩነት ወሳኝ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከወጣ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ይቆያል፤ ስለዚህ ዓለምን በሙሉ ያዳርሳል። የሰልፌት ብናኝ ግን በአማካይ አንድ ሳምንት ገደማ ቆይቶ በዝናብ ይታጠባል። የወጣበትን ንፍቀ ክበብ ሳይለቅ ያልቃል። ስለዚህ ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የወጣው ብናኝ ያቀዘቀዘው ሰሜኑን ነው፤ በተለይ ነፋስ የሚያልፍበትን ሰሜን አትላንቲክን። ደቡቡ አልተነካም። ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ ቀበቶው ወዴት እንደሚያዘነብል አስቀድመን አይተናል።

በ2002 የአውስትራሊያው ሊዮን ሮትስታይንና ኡልሪክ ሎማን ይህን በሞዴል ሞከሩት። ብናኙን ሲያስገቡ የዝናቡ ቀበቶ ወደ ደቡብ ወረደ፤ ሳህል ደረቀ። በቀላል ቋንቋ፣ ሩቅ አገር ያለ የኃይል ማመንጫ የሚተፋው ጭስ ማሊ ውስጥ ያለ ሰው ዝናብ ላይ እጁ አለበት ማለት ነው። በዚያ ዘመን ለጭስ የነበረው መፍትሔ ደግሞ ማውጫውን ማርዘም ነበር። በካናዳ ሰድበሪ ከተማ በ1972 የተጠናቀቀው የማዕድን ማቅለጫ ጭስ ማውጫ 381 ሜትር ይረዝም ነበር። የከተማው አየር ተሻሻለ፤ ጭሱ ግን ከፍ ብሎ ራቅ ብሎ ሄደ።

ብናኙ የቀነሰውም ለሳህል ተብሎ አይደለም። የስካንዲኔቪያ ሐይቆች በአሲድ ዝናብ ዓሣቸው አልቆ ነበር። ደኖች ታመሙ፤ ከተሞች ታፈኑ። በ1970 የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። በ1979 ጄኔቫ ላይ ድንበር ተሻጋሪ የአየር ብክለት ስምምነት ተፈረመ። በ1985 በሄልሲንኪ የሰልፈርን ልቀት በ30 በመቶ የመቀነስ ቃል ተገባ። ጭሱ ቀነሰ። ሰሜን አትላንቲክ ሞቀ። የሳህል ዝናብም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በከፊል ተመለሰ።

ታዲያ ከዥዋዥዌውና ከጭሱ የየትኛው ድርሻ ይበልጣል? በዚህ ላይ ተመራማሪዎች በደንብ ተከራክረዋል። በ2012 ከብሪታንያው የሃድሊ ማዕከል የወጣ ጥናት የአትላንቲክን ውጣ ውረድ አብዛኛውን የፈጠረው ብናኙ ነው አለ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ያሉ የውቅያኖስ ተመራማሪዎች ያ ሞዴል የብናኙን ጉልበት አጋኗል፣ ከተለካው የባሕር ሁኔታም ጋር አይገጥምም ብለው ሞገቱ። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል በ2021 ሪፖርቱ የሰው ብናኝ ለድርቁ አንዱ ምክንያት መሆኑን ተቀብሏል፤ የተፈጥሮውንም ውጣ ውረድ አልካደም። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ይህ ነው፦ ተፈጥሮና ሰው በአንድ በር ነው የገቡት። በሩ በሰሜኑና በደቡቡ ባሕር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። ማንም ይግፋው ማን፣ በሩ ሲከፈት የሚሆነው አንድ ነው። ስለዚህ «ተፈጥሮ ወይስ ሰው» ብሎ አንዱን ማስመረጥ ጉዳዩን አይገልጸውም። እያንዳንዱ ምን ያህል ገፋ ብሎ መጠየቅ ነው የሚያዋጣው።

በአንድ በር ለመግባታቸው ጠንካራው ምስክር እሳተ ገሞራ ነው። እሳተ ገሞራም ሰልፈር ይተፋል፤ ከፋብሪካ የሚለየው ከፍ ወዳለው የከባቢ አየር ንጣፍ ስለሚያደርሰው ብናኙ አንድ ሁለት ዓመት መቆየቱ ነው። በሰኔ 1912 አላስካ ውስጥ በካትማይ አካባቢ ግዙፍ ፍንዳታ ሆነ። በ1913 ሳህል ከባድ ድርቅ መታው። በ1982 የጸደይ ወራት ሜክሲኮ ውስጥ ኤል ቺቾን ፈነዳ። ከዚያ የ1983 እና የ1984 ድርቅ መጣ። ጂም ሃይዉድና ባልደረቦቹ በ2013 እንዳሳዩት ከ1900 እስከ 2010 ሳህል ካየቻቸው አራት እጅግ ደረቅ ክረምቶች ሦስቱ የመጡት ከሰሜን ንፍቀ ክበብ ትልቅ ፍንዳታ በኋላ ነው። በ1912 የአውሮፓ ጭስ ገና የኋለኛውን ያህል አልነበረም። እሳተ ገሞራው ብቻውን በሩን ገፋው።

ይህ ግኝት ለዛሬም ትርጉም አለው። ምድርን ለማቀዝቀዝ ሆን ብሎ ሰልፈር ከላይ ይበተን የሚል ሐሳብ እየተጠና ነው። በዚሁ ጥናት ሞዴል መሠረት ብናኙ በሰሜኑ ብቻ ቢበተን ሳህል ይደርቃል፤ በደቡቡ ብቻ ቢበተን ይለመልማል። እንዲህ ያለ ውሳኔ የሳህል መንግሥታትና ሜትሮሎጂስቶች በሌሉበት ክፍል ውስጥ ሊታሰብ እንኳ አይገባም። አንዴ ሳይጠየቁ ከፍለዋል።

መሬቱም ድርሻ አለው

ቻርኒ ከፊሉን ትክክል ነበር ብዬ ነበር። ዛሬ ያለው አረዳድ እንዲህ ነው። ባሕሩ ድርቁን ይጀምረዋል፤ ዕፅዋቱ ያባብሰዋል። ዝናብ ሲቀንስ ሳሩ ይሳሳል፣ አፈሩ ይደርቃል፣ ወደ አየር የሚመለሰው እርጥበት ይቀንሳል፤ ድርቁ ይረዝማል። የባሕሩን ሙቀት ብቻ የተሰጣቸው ሞዴሎች የድርቁን ጊዜ በትክክል ሲያወጡ መጠኑን ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሳንሱታል። የጎደለው ከዚህ የሚመጣ ይመስላል። የቻርኒ ክብ አለ፤ ያሽከረከረው ግን ከብት አልነበረም።

ይህ ክብ ሰው ሳይነካውም ሠርቷል። ከ14,500 ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ እስከ 5,000 ዓመት ገደማ በፊት ድረስ ሰሃራ ራሱ አረንጓዴ ነበር። በአልጄሪያው ታሲሊ ናጀር ዓለቶች ላይ ቀጭኔና የከብት መንጋ ተሥለው ይታያሉ። የቻድ ሐይቅ ያኔ ከ300,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሸፍን ነበር። ምክንያቱ የምድር ዛቢያ መዞር ነው። ዛቢያዋ በ26,000 ዓመት ገደማ ዑደት አቅጣጫውን ይለውጣል። ዛሬ ምድር ለፀሐይ የምትቀርበው በጥር መጀመሪያ ነው። ከ10,000 ዓመት በፊት ግን በሰሜኑ በጋ፣ በሐምሌ አካባቢ ነበር የምትቀርበው። የሰሜኑ በጋ ይበልጥ ሞቀ፤ ቀበቶው ሰሃራ ውስጥ ገባ፤ ዕፅዋቱ ደግሞ አጠናከረው።

አንዳንዶች ይህን ታሪክ «ስለዚህ ሁሉም ተፈጥሮ ነው» ለማለት ያነሱታል። የሚሉት አይያያዝም። ያ ዑደት ሙሉ ዙር ለመሄድ ከ20,000 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። የሳህል ዝናብ የወደቀው ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። የ1968ን ድርቅ በዛቢያው ማሳበብ አይቻልም።

ዝናቡ ከተመለሰ በኋላ

የተመለሰው ዝናብ የድሮው ዓይነት አይደለም። በ2015 የወጣ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ለዝናቡ መመለስ ትልቁን ድርሻ የሰጠው ለሙቀት አማቂ ጋዞች መጨመር ነው፤ የብናኙን መቀነስ ሁለተኛ አድርጎታል። ጋዞቹ ሰሃራን ይበልጥ ሲያሞቁት እርጥብ አየር ወደ ሰሜን ይሳባል። ያው ጋዝ የሕንድ ውቅያኖስን ሲያሞቀው ደግሞ ሳህልን ያደርቃል። አንድ ጋዝ፣ ሁለት ተቃራኒ ግፊት!

ዝናቡ አሁን በቁጣ ነው የሚመጣው። ክሪስቶፈር ቴይለርና ባልደረቦቹ በ2017 እንዳሳዩት ከ1982 ወዲህ የሳህል እጅግ ኃይለኛ ነጎድጓዳማ ዝናቦች ቁጥር ሦስት እጥፍ ሆኗል። መስከረም 1 ቀን 2009 ዋጋዱጉ ላይ በአንድ ቀን ውስጥ ከ260 ሚሊ ሜትር በላይ ወረደ። ወደ 150,000 የሚጠጋ ሰው ቤት አልባ ሆነ። የወቅቱ ድምር ደህና ነው ሊባል ይችላል፤ ዘሩ ግን በጎርፍ ተጠርጎ፣ ከዚያም ረጅም ደረቅ ጊዜ መጥቶ ሊጠፋ ይችላል።

ገበሬውም እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ያኩባ ሳዋዶጎ በ1980ዎቹ ዛይ የሚባለውን የድሮ ዘዴ አሻሻለው። በደረቁ ወራት ጉድጓድ ቆፍሮ ፍግ ይጨምርበታል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ውሃው እዚያ ይጠራቀማል። ሞቷል የተባለ መሬት ላይ ማሽላም ደንም አበቀለ። በደቡብ ኒጀር ደግሞ ገበሬዎች ከተቆረጠ ጉቶ የሚያቆጠቁጠውን ቀንበጥ እየመረጡ አሳደጉ። በዚህ መንገድ ዛፍ የተመለሰበት መሬት ወደ 5 ሚሊዮን ሄክታር ይገመታል። በረሃ ፈጣሪ ተብለው የተከሰሱት ሰዎች ናቸው ይህን የሠሩት።

ከባሕሩ የተገኘው ዕውቀትም ሥራ ላይ ውሏል። በ1973 የሳህል አገሮች ድርቅን በጋራ የሚከላከል ኮሚቴ አቋቁመው፣ በዓመቱ ኒያሜ ላይ አግሪሜት የተባለውን ማዕከል ከፈቱ። ከ1998 ጀምሮ የምዕራብ አፍሪካ ሜትሮሎጂስቶች በየዓመቱ ከዝናቡ ወቅት በፊት ይሰበሰባሉ። የአትላንቲክን፣ የፓስፊክንና የሕንድ ውቅያኖስን ገጽ ሙቀት አይተው መጪው ክረምት ምን እንደሚመስል ይተነብያሉ።

የሩቁ ጊዜ ከዚያ ይከብዳል። አብዛኞቹ ሞዴሎች በምዕራቡ ጫፍ፣ ሴኔጋል አካባቢ፣ ዝናብ እንደሚቀንስ፣ በመካከለኛውና በምሥራቁ ሳህል እንደሚጨምር ያሳያሉ። መጠኑ ላይ ግን በጣም ይለያያሉ፤ ጥቂቶቹ በሁሉም ቦታ መድረቅን ያወጣሉ። ልዩነቱ የሚመነጨው ሰሜን አትላንቲክ ከሌሎቹ የሐሩር ባሕሮች አንጻር ምን ያህል ፈጥኖ ይሞቃል ከሚለው ነው። እሱን ደግሞ የሚወስነው የውቅያኖሱ ዝውውር፣ የሚቀጥለው ትልቅ ፍንዳታ የት እንደሚሆን፣ እንዲሁም የሰው ልጅ ጋዙንና ብናኙን በምን ፍጥነት እንደሚቀንስ ነው።